በጉያ የሞቀ ዘር

እትዬ መርፌን የማያውቃት የሰፈር ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ልብሱ ተቀዶበት አያውቅም። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ስትናገር ደግሞ ትወጋለች። ወግታ ግን ሰፍታ ነው የምትሄደው። «እትዬ መርፌ» ያላት ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ እሷ ስሙን በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ለብሳው ትኖራለች።

ባሏ ጋሼ ካውያ ይባላል፤ ልብስ ተኳሽ ነው። የተገናኙት በወጣትነታቸው፣ በአንድ ትልቅ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል። አንድ ቀን አንድ ኮት ዘርግቶ ሲያገላብጥ፣ «ይሄን ትከሻ የገጠመችው ማን ናት? ካውያ ምን ይሠራለታል፣ ራሱ ተኝቷል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ለጋብቻቸው የተነገረ ጣፋጭ ቃል ቢኖር ይኸው ነው። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችውና «ይሄ ሰውዬ ነገር ገብቶታል» አለች በልቧ፤ አገባችው። ሌላው ሰው ግጥም ሲጻፍለት ይኖራል፤ ለእሷ ያ ትከሻ በቅቷታል።

ከዚያ የራሳቸውን ሥራ ከፈቱ። ቤታቸው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የፊተኛዋን ክፍል ስፌት ቤት አደረጓት፤ በመስኮቱ በኩል የእሷ ስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል የእሱ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ አንድ ረጅም መደርደሪያ። ይህችን መደርደሪያ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

እትዬ መርፌ አትክልት ትወዳለች። ትወዳለች ስል እንዲያው መውደድ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ያማታል። የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ውጭው ገና እጅ እያደነዘዘ፣ እሷ የልብስ ቁልፍ መሳቢያዋን ትከፍታለች። ከቁልፎቹ ኋላ የዘር ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ እና ፍጅል፤ ያ ቀይና ክብ ሥር፣ ሲነክሱት እስከ አፍንጫ የሚያቃጥለው። ሌላው ሰው ዘሩን አፈር ላይ በትኖ «እንግዲህ እንዳደረገህ» ብሎ ይተወዋል። ለእሷ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም። ዘሩን መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ መሃል ታስተኛዋለች። ፈንድቶ ነጭ ጅራቱን ሲያወጣ በዐይኗ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ የፈነዳውን ብቻ በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሳች፣ አፈር በሞሉ የእርጎ ኩባያዎች ታስቀምጠዋለች። «የሞተ ዘር አቅፌ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም» ትላለች። እንዳይደባለቅባትም ጨርቁ ጥግ ላይ ምልክት ትሰፋለች፤ አረንጓዴ ክር ለሰላጣ፣ ቢጫ ለጎመን፣ ነጭ ለፍጅል፣ ቀይ ለቲማቲም።

ማሞቂያውስ? ማሞቂያው ጋሼ ካውያ ነዋ! እሱ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣና ያቺን መደርደሪያ ያሞቃታል። የጎረቤቱ ሰው ዘር ገና እንቅልፉን ሲለጥጥ የእትዬ መርፌ ዘር ነቅቶ፣ ተነስቶ፣ ቅጠል አብቅሎ መስኮት ይመለከታል። «ምን አድርገሽው ነው?» ሲሏት «ተኳሽ ባል አግቡ» ትላለች። ያኔ ጋሼ ካውያ ከጠረጴዛው ሳይዞር ትከሻው ሲስቅ ይታያል።

ችግኙን ለራሷ ብቻ ብታስቀር እኮ ማንም ቅር አይለውም። እሷ ግን ጸደይ ሲገባ ኩባያውን በእቅፏ ሞልታ ደረጃ ለደረጃ ትወርዳለች፤ በየበሩ አንዳንድ አስቀምጣ ሳታንኳኳ ትሄዳለች። የሕንፃው ጓሮ በሰፈሩ ምቀኛ እስኪያፈራ ድረስ የሚለመልመው በእሷ እጅ ነው። ቁጡ ናት ይሏታል። ቁጡ ናት! በየበሩ ቲማቲም የምታስቀምጥ ቁጡ ካገኛችሁ እኔም ጋ ላኩልኝ።

እንግዲህ ባለፈው የቅጠል መርገፍ ሰሞን ክፉ ነገር መጣ።

የጋሼ ካውያ ቀኝ እጅ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ለማንም አልተናገረም። እሷ አይታለች፤ እሷም አልተናገረችም። አንድ ቀን የአንድ ጥሩምባ ነፊ ጥቁር ኮት እየተኮሰ ሳለ እጁ ከዳው። ካውያውን እንዳይጥል ብሎ ጫን አደረገው፤ እጁ እስኪረጋ ድረስ ጠበቀ፤ ካውያው ግን አይጠብቅም። ሲያነሳው የኮቱ ጀርባ ላይ የካውያው መልክ እንዳለ ታትሟል።

ጥሩምባ ነፊው ቢቆጣ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ደግ ሰው ሆነና፣ «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ጀርባዬን ማን ያይብኛል?» አለ። ይሄ ደግነት ጨረሰው። እትዬ መርፌ የኮቱን ጀርባ ፈትታ፣ ሌላ ጨርቅ ቆርጣ፣ እንዳልነበር አድርጋ ገጠመችው። የባሏን ቅስም ግን በምን ትግጠመው? ጋሼ ካውያ ሽቦውን በካውያው ላይ ጠምጥሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ወንበሩን ወደ መስኮት ስቦ ተቀመጠ። ያንን ሁሉ የብርድ ወራት ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ ሰው ሲሄድ ተመልሶ ይቀመጣል። ጢሙን መላጨት ተወ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ሆን ብላ የተጨማደደ ልብስ ፊቱ ላይ ሰቀለች፤ ወይ ፍንክች! የሰፋችውን ሁሉ እያወጣች ላውንደሪ ትልካለች፤ ሱፉ እንደ ጫማ እያብለጨለጨ ሲመለስላት፣ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ሲያያት አይደለም፤ ሲያያት ትሳደባለች።

ጸደዩ ሲቃረብ እንደ ልማዷ ጨርቆቹን አርጥባ፣ ዘሩን አስተኝታ፣ መደርደሪያው ላይ ደረደረች። ጠበቀች። አንዳች ነገር የለም። ብትጠብቅ ብትጠብቅ ሰላጣው አልነቃም፣ ጎመኑ ሻገተ። መደርደሪያውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ወደ ባሏ ዞረች። አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ መስኮት ያያል። ለካስ ይሄን ሁሉ ዓመት ዘሩን ያበቀለው እሱ ኖሯል! ብታውቀውም እንዲህ በግልጽ አይታው አታውቅም ነበር።

ቆማ አሰበች። ከዚያ ከብልቃጡ ስር የቀረችውን የቲማቲም ዘር በሙሉ አራገፈች፤ ሌላ የላትም፣ ካለፈው ዓመት ምርጥ ፍሬ ለይታ ያስቀመጠቻት ናት። ቲማቲም የእሱ ነገር ነው። እየቆረጠ፣ ጨው እየነሰነሰ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነው የሚበላው። ለዘሩ ማስተኛ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ስትፈልግ አንድ ነገር እጇ ገባ፤ የእሱ የመተኮሻ ጨርቅ። ተኳሽ ሱፉ እንዳያብለጨልጭ፣ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎበት ነው በላዩ የሚተኩሰው። ይሄኛው ከአሮጌ አንሶላ የተቆረጠ፣ በእንፋሎት ብዛት የለዘበ፣ ውሃ የሚይዝ ነው፤ ካውያው ቁም ሳጥን ከገባ ወዲህ የነካው የለም። ዘሩን በመሃሉ ዘረጋች፣ አጠፈችው፣ ጥጉ ላይ ቀይ ክር ሰፋችበትና ወደ ወንበሩ ሄደች።

«ክንድህን አንሳ» አለችው።

«ምንድን ነው?»

«ቲማቲምህ። መደርደሪያው በርዷል። በዚህ ቤት ሙቀት ያለው ነገር አንተ ብቻ ነህ።»

«እና ምን ላድርገው?»

«ምንም። ተቀመጥ። መቀመጥ ትችልበት የለ?»

ወጋችው። እሱም ቀና ብሎ አያትና ክንዱን አነሳ። እሷ ጨርቁን በስስ ላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ፣ ከሰደርያው ውስጥ ኪስ፣ ደረቱ ላይ አስገባችለት። «እንዳትደገፍበት። እንዳይደርቅም፤ ውሃ ሲያንሰው ራስህ ተነስተህ ትረጫለህ። እኔ ሥራ አለብኝ።»

በማግስቱ ታች ፎቅ የምትኖረው አዋላጅ ወሬውን ሰምታ ደረጃውን ወጣች። አዋላጇ የሕንፃውን ግማሽ ልጅ ያዋለደች፣ ቀሪውን ግማሽ በምላሷ የምታሳድግ ሴት ናት። ጋሼ ካውያ እንደ ልማዱ ሊሸሽ ተነሳ፤ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዘጋችበት።

«ጋሼ ካውያ፣ አረገዝክ አሉ!»

ደረቱ ላይ ያለውን ጨርቅ በመዳፉ ሸፈነ።

«ስንተኛ ወርህ ነው? እኔ እያለሁ ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄድ ግን ውርድ ከራሴ!»

ጋሼ ካውያ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እትዬ መርፌ መኪናዋን አቁማ አየች፤ እየሳቀ ነው። ኮቱ ከተቃጠለ ወዲህ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው። ወዲያው ፔዳሉን ረገጠች፤ ዕንባዋን እንዳያዩባት የማያስፈልግ ስፌት ሰፋች፣ በኋላም ፈታችው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሥራ አገኘ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ጀመረ፤ ካዘነበለ ዘሩን ይጨፈልቀዋል። ለመርጨት ይነሳል። አንዳንዴ ጨርቁን በጣቱ ይዳብስና «ገና ነው» ይላል። «ፈነዳ ወይ?» ሲል «አትቸኩል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ትለዋለች። አንድ ጧት ተነስታ ስታየው ጢሙን ተላጭቷል። ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች፤ ዝም አይነቅዝም።

በዚያው ሳምንት የአዋላጇ የመሰናበቻ ቀን ደረሰ። ከሆስፒታሉ በጡረታ ልትወጣ ነው፤ ባልደረቦቿ ሊሸኟት ነው፤ ለዚሁ ብላ እትዬ መርፌን ግራጫ የሱፍ ሙሉ ልብስ አሰፍታለች። ልብሱ አልቋል፤ መተኮሱ ብቻ ቀርቶታል። እትዬ መርፌ ላውንደሪው ጋ ብትሄድ ተዘግቷል። «ወይ ጉድ! በዛሬ ቀን!» ብላ ልብሱን መልሳ ቤት ሰቅላ፣ ሌላ ላውንደሪ ፍለጋ እየሮጠች ወጣች።

ሌላውም አልተገኘም። ባዶ እጇን ተመለሰች። ደረጃውን ስትወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሯ በራሱ ቆመ። አንድ ሽታ መጣ፤ የሞቀ ሱፍ፣ እንፋሎት። ይህን ሽታ ዕድሜዋን ሙሉ ታውቀዋለች፤ የብርዱን ወራት ሙሉ አላሸተተችውም። የቀረውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

በሩን ስትከፍት አዋላጇ መስታወቱ ፊት ትዞራለች። «እዪኝ እስቲ! በሩን አንኳኩቼ ብገባ አንቺ የለሽ። "ሰዓቴ ደርሷል፣ በተጨማደደ ልብስ ልሰናበት ነው" ብዬ ባለቅስበት ባልሽ ተነሳ። ኮሌታውን እዪው!»

እትዬ መርፌ ኮሌታውን አየች። ተኝቷል። ሳያብለጨልጭ፣ ሳይጎብጥ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከዚያ ባሏን አየች። ካውያው እጁ ላይ ነው፤ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ግራ እጁን ቀኙ ላይ ደርቦ በሁለት እጁ መያዝ ለምዷል። ፊቱ በእንፋሎት ረጥቧል። ደስ አላት። «እሰይ!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጋሼ ካውያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ አነሳ፣ አጠፈውና ወደ ሰደርያው ኪስ መለሰው። ጥጉ ላይ ቀይ ክር አለበት።

«እሰይ» አፏ ላይ ቀረ።

ነገሩ ገባት። ተኳሽ ሲጣደፍ እጁ የሚሄደው ወደ እርጥብ ጨርቁ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ያው የራሱ ጨርቅ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ደረቱ ላይ ተቀምጦለታል። ከላስቲኩ አውጥቶ ሱፉ ላይ አንጥፎ፣ የጋለ ካውያ ጭኖበታል። ከነዘሩ።

አዋላጇ አመስግና፣ ሁለቱንም ስማ ወረደች። እትዬ መርፌ ድምጿን አስተካክላ፣ «እስቲ ጨርቁን ስጠኝ፣ ላርጥበው» አለችው። ሰጣት። ገና ትኩስ ነው። ማድ ቤት ገብታ ስትዘረጋው ዘሩ ተለጥፎ፣ ዳሩ ቡኒ ሆኖ፣ ተቀቅሏል። ለሾርባ እንጂ ለምንም አይሆን። የብልቃጡ የመጨረሻ ዘር ነበር።

ለዘሩ አልነበረም ያዘነችው። ስለ ዘር ቢሆን አንድ ቀን ተነጫንጫ ትረሳው ነበር። ሰውየው ዛሬ ነው የተነሳው። ካውያ ከጨበጠ ገና ዛሬ ነው። «የመጀመሪያው ሥራህ ይኸው፣ የደረትህን ዘር ቀቀልከው» ብትለው፣ ነገ ካውያውን ጠምጥሞ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ በሞት እንጂ በሌላ አይነሳም። ይህን ታውቃለች። ዝም ብትለውም ጨርቁ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ «ምን ሆኖ ቀረ?» ብሎ ያሰላስላል፤ ሞኝ አይደለም፣ ካውያው ላይ ይደርሳል። እንግዲህ በዚያ ጨርቅ ውስጥ የሚበቅል ነገር መኖር አለበት፤ ያውም ቶሎ።

«ሆድ ይፍጀው» አለች።

ከብልቃጦቿ ሁሉ እንደ ፍጅል የሚፈጥን የለም። ውሃ ካገኘና ከሞቀ፣ ዛሬ ተኝቶ ከነገ ወዲያ ይነሳል። ችግሩ፣ የቲማቲም ዘር ጠፍጣፋ ነው፣ የፍጅል ደግሞ ድቡልቡል። ግን ባሏ የአትክልት ነገር አይገባውም፤ ጎመንን ከሣር የሚለየው ሳህን ላይ ሲቀርብለት ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ የተቀቀለውን በወረንጦ እየፋቀች ጣለች፣ የፍጅሉን ዘር አንድ በአንድ ደረደረች፣ አጠፈችው። ቀዩ ክር እንዳለ ነው። ዕድሜ ልኳን በክር ዋሽታ አታውቅም። ሄዳ ደረቱ ላይ መለሰችለት።

«ፈነዳ ወይ?» አላት።

«ሊፈነዳ ነው» አለችና ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ሦስተኛው ቀን ጧት ጋሼ ካውያ ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ነይ! ነይ እዪ! ወለድኩ!» ጨርቁን ዘርግቶ ጎንበስ ብሏል። እያንዳንዱ ዘር ተሰንጥቆ ነጭ ጅራቱን አውጥቷል። እትዬ መርፌ እያየችው እንዳላየች ሆነች።

«ቲማቲም እንዲህ ይፈጥናል እንዴ?» አለ።

«ደረትህ ነው» አለች። «ይሄ ደረት ድንጋይም ያበቅላል።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ።»

ከዚያ ወዲህ ካውያው ወደ ቁም ሳጥን አልተመለሰም። በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ በቀን ጥቂት ልብስ ይተኩሳል። ጥሩምባ ነፊው ሳይቀር ኮቱን ይዞ መጣ፤ ጋሼ ካውያ ተቀብሎ ለብቻው ሲተኩሰው ዋለ። መደርደሪያው ሞቀ። አንቀላፍቶ የነበረው ሰላጣ ነቃ፣ አዲስ የተኛው ጎመን በቀለ። «ቲማቲሙም» በእርጎ ኩባያ ሆኖ ሁለት ሁለት ሰፋፊ ቅጠል አውጥቶ ከሁሉ ቀድሞ ተንጠራራ። እትዬ መርፌ ኩባያውን ወደ መደርደሪያው ጥግ፣ ከክር ሳጥኑ ኋላ ገፋ አደረገችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን በቅጠል ላይ ቅጠል እየጨመረ ሄደ።

አዋላጇ ጡረታ ወጥታ የለ፣ ሥራ ፈትታለች፤ በየቀኑ ትወጣለች። አንድ ቀን ዐይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

«ይሄ ፍጅል እንዴት ያምራል!»

የእትዬ መርፌ እግር ፔዳሉ ላይ ቀዘቀዘ። ጋሼ ካውያ ከጠረጴዛው ሳይዞር፣ «ቲማቲም ነው» አለ።

«ምን? ኧረ ጋሼ፣ ዐይኔ እያየ? የፍጅል ቅጠል እኮ ነው! የቲማቲም ቅጠል ቀጭን፣ ሹል...»

«ቲማቲም ነው አልኩሽ። ሚስቴ ቀይ ክር ሰፍታበታለች።»

አዋላጇ ለመከራከር ወደ እትዬ መርፌ ዞረች። የእትዬ መርፌን ፊት አየችና ቃሏን ዋጠች፤ ምጥ ላይ ያለ ፊት ማንበብ ሥራዋ ነው። «እሺ» አለች፣ «እንግዲህ ሲወለድ ጾታው ይለያል።» ያን ቀን ሳትቀመጥ ወረደች።

አየሩ ሲሞቅ ኩባያዎቹን ይዘው ወደ ጓሮ ወረዱ። ፍጅል ሥሩን ሲነኩበት አይወድም፤ እትዬ መርፌ ከነአፈሩ፣ ሳታናጋው፣ በግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። ጋሼ ካውያ ግን አጠገቡ እንጨት ተከለ። «ለምንህ ነው?» ብትለው፣ «ቲማቲም ድጋፍ ይፈልጋል ስትዪ አልነበር?» አላት። አንጀቷን በላው። «በቃ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች በየጧቱ፤ ሲተኩስ ታየውና «ነገ» ትላለች።

ነገ ነገ ሲባል ቀኑ ራሱ መጣ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ጋሼ ካውያ «ነይ እስቲ፣ ቲማቲሜን ልየው» ብሎ ይዟት ወረደ። ጎንበስ አለ። እሷ «ተው፣ ገና ነው» ስትል፣ እሱ ቅጠሉን ጨብጦ ሳብ አደረገው። ቀይ፣ ክብ፣ አፈር የለበሰ ፍጅል ወጣ። በሱሪው ጠረገው። ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላብጦ አየው።

«አየሽ» አለ፣ «ዘንድሮ ቲማቲሙ ከመሬት በታች አፈራ።»

እትዬ መርፌ ድርቅ አለች። ዞራ ብታየው ትከሻው ይስቃል።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ካውያውን ከአዋላጇ ልብስ ላይ ሳላነሳ። ከሱፉ መሃል የሾርባ ሽታ መጣብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስተኩስ ሾርባ የሚሸት ልብስ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ይሄን ሁሉ ጊዜ በሐሳብ ስታቃጥለኝ!»

ጋሼ ካውያ ፍጅሉን በጣቱ አንከባለለ። ሳቁ አለፈ።

«ልነግርሽ ነበር። ነግሬሽ ካውያውን ልጥለው፣ ወደ ወንበሬ ልመለስ ነበር። ልነግርሽ ብዬም ተከተልኩሽ። የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። መነጽርሽን አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ፣ በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀምሽ፣ እያለቀስሽ...»

«አላለቀስኩም!»

«እሺ፣ አላለቀስሽም። ብቻ አየሁሽ። "ይቺ ሴትዮ ለእኔ ስትል ፍጅልን ቲማቲም ታደርጋለች፤ እኔ ለእሷ ስል መቆም ያቅተኛል?" አልኩ። ተመልሼ ቦታዬ ቆምኩ። ይኸው ነው።»

እትዬ መርፌ የምትወጋበት ቃል ፈለገች። እንጨቱን፣ ያንን ለፍጅል የተተከለ የቲማቲም ድጋፍ፣ ያዝ አድርጋ ቆመች።

ጋሼ ካውያ እጁን ወደ ሰደርያው ውስጥ ኪስ፣ ጨርቁ ወደነበረበት ቦታ ሰደደ። በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አወጣ። ፍጅሉን ለሁለት ገመሰው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥም እኩል አድርጎ ገመሰው። ጨው ነሰነሰና ግማሹን ሰጣት። ነከሰችው።

«ያቃጥላል» አለች ዐይኗን እየጠረገች።

«ቲማቲም ነው» አለ እሱ። «ብዪ።»